በደብዳቤ የተጠቀለለ ዘይት

ቂም የያዘ ሰው ሁሉ ቂሙን የሚያኖርበት ቦታ አያጣም። አንዱ ሆዱ ውስጥ ቀብሮ ይከርማል፣ ሌላው ይዞት ጎረቤት ለጎረቤት ይዞራል። አረንጓዴ ግን ቂሟን ጠርሙስ ላይ ጠቅልላ ትሸጠው ነበር። እውነቴን ነው።

አረንጓዴ ቤተሰቦቿ ያወጡላት ስም አይደለም። አቮካዶ ስትልጥ የምትውል ሴት እጇ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ሲውል ሲያድር ደግሞ ቡናማ ይሆናል። ጥፍሯ ሥር የገባው ቀለም በሳሙናም በሎሚም አልለቅ ሲል ሰፈሩ ይህን ስም አወጣላት፣ እሷም አልከፋትም። የምትሠራው ከአባቷ የልብስ ስፌት ቤት ጀርባ፣ በመጋረጃ በተከፈለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከፊት የአባቷ የስፌት መኪና ቀኑን ሙሉ ይንቀጫቀጫል። ከኋላ እሷ በደንብ የበሰለውን አቮካዶ ትልጣለች፣ ታቦካለች፣ በሰፋፊ ትሪ ላይ ስስ አድርጋ ዘርግታ ጥላ ውስጥ ታደርቀዋለች። ሲደርቅ አባቷ በሰፋላት የሻሽ ከረጢት ትሞላውና በብረት መጭመቂያ ታጠብቀዋለች። እሳት የሚባል አታስጠጋውም። ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ ሲወርድ ወደ ጥቁር ያደላ አረንጓዴ ነው፣ ጠረኑም አሁን የታጨደ ሣር ይመስላል። ሦስት ቀን አስተኝታ ዝቃጩ ሲወርድላት ከላይ ከላዩ ትቀዳዋለች።

የዚህ ዘይት ጠላቱ ብርሃን ነው። ፀሐይ ካየ ይበላሻል፣ ይሸታል። የሚያስፈልገው ጥቁር ጠርሙስ ነበር፣ እሷ ያገኘችው ግን ነጭ ብቻ ነውና በወፍራም ወረቀት መጠቅለል ነበረባት። ታዲያ ወፍራም ወረቀት ማን ያምጣላት? እሱ! ከአባቷ የቅድ ወረቀት ሌላ፣ በየወሩ ገደማ አንድ ትልቅ ቡናማ ፖስታ በፖስታ ቤት በኩል ይደርሳታል። የእጅ ጽሑፉን ከመንገድ ማዶ ብታየው ትለየዋለች። አንዱንም ከፍታ አንብባው አታውቅም። እንደታሸገ ጠርሙሱ ላይ ትጠመጥመዋለች፣ በክር ጥፍር አድርጋ ታስረዋለች፣ መጀመሪያ ለመጣው ገዢ ትሰጠዋለች።

«ሂድ እንግዲህ፣ የሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቁም» ትለዋለች በሆዷ። በዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ደብዳቤ መጣ። ዘጠኙ ተሸጠዋል፣ ሁለቱ ገና መደርደሪያው ላይ ነበሩ። እያንዳንዱን በሸጠች ቀን ልቧ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

«እሱ» ማለት ኬሚስቱ ነው፤ የእትዬ አንድያ ልጅ። እትዬ ደግሞ ባለ ሦስት ፎቅ የውበት ቤት ያላት፣ የሀብታም ሚስት ሁሉ ፊቷን አምና የምትሰጣት ሴት ናት። አረንጓዴ እስከ ዛሬ ዓመት ድረስ የዚያ ቤት ዘይት ጨማቂ ነበረች፣ ምድር ቤት። ኬሚስቱ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ዘይቱን ሊመረምር ይወርድና ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ያነሳዋል።

«ብርሃን አታሳየው ብዬሃለሁ!» ትለዋለች።

«እሱን አይደለም የማየው» ይላታል። እውነትም በዘይቱ ውስጥ አሻግሮ እሷን ነበር የሚያየው። እሷም ታውቃለች፣ ፊቷንም አታዞርም። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበሩ። ጠርሙስ ይነሳል፣ ትቆጣዋለች፣ ይስቃል፣ ትስቃለች። ከዚያ የሚያልፍ ነገር ተባባሉ፣ ቃልም ተለዋወጡ፣ እዚያው ምድር ቤት። ላይ ቤት ግን ማንም አያውቅም። እትዬ እስክታውቅ ድረስ።

እትዬ ባወቀች በሳምንቱ አንዲት ሙሽራ ሠርጓ ሦስት ቀን ሲቀረው በዚያ ቤት ክሬም ተቀባች። በማግሥቱ ፊቷ ቀልቶ፣ አብጦ፣ እየተላጠ መጣች። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። እትዬም አረንጓዴን ከምድር ቤት አስጠርታ፣ ደንበኛ በሞላበት ሳሎን መካከል አቆመቻት፣ እጇን ይዛ ወደ ላይ አነሳችው።

«እዩት! ይኼ እጅ ነው ጉድ የሠራን! የልብስ ሰፊ ልጅ ከጓዳ ዘላ ሳሎን ልግባ ስትል እንዲህ ነው የሚሆነው!»

«እኔ አይደለሁም! ዘይቴ ንጹሕ ነው!» ብላ ጮኸች አረንጓዴ። ማን ይስማት! ቀና ስትል ደረጃው ላይ ቆሞ አየችው። አፉን ከፈተ። ዘጋው። «አይደለችም» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበር የፈለገችው፣ እሷን እንኳ ነፈጋት። እጇን ከእትዬ እጅ መንጭቃ ወጣች። ከዚያ በኋላ ስንት ወር ሰው መንገድ እየለወጠ አለፋት። የአባቷም ደንበኛ ሳይቀር ቀነሰ። የዚያን ቀን የማለችው ይህን ነው፤ ያቺ ሴት በሰው ፊት እንዳዋረደችኝ በሰው ፊት ትዋረዳለች፣ እሱም ቆሞ እንዳየኝ ቆሞ ያያታል። ይህን መሐላ ከአፏ ሳትለይ ነው ዓመቱን የጨረሰችው።

* * *

ማክሰኞ ጠዋት ቲቸር መጣች። ቲቸር አርባ ዓመት አስተምራ ጡረታ የወጣች፣ ሁለት ቤት ወረድ ብላ የምትኖር፣ ሰው ሁሉ ሲሸሽ የመጀመሪያዋን ጠርሙስ የገዛች ደንበኛ ናት። ያኔ አረንጓዴ እንደ ልማዷ ክንዷ ላይ አንዲት ጠብታ አድርጋላት «አንድ ቀን ይጠብቁ፣ ካላሳከከዎት ይመለሱ። ዘይቴ ያለሰልሳል እንጂ አያነጣም፣ ኋላ እንዳንጣላ» ብላት ነበር። ቲቸር በማግሥቱ ተመለሰች፣ ዓመቱን ሙሉም አልቀረችም።

«ነይ እስቲ ቁጭ በይ» አለች ቲቸር ዛሬ ራሷ ሳትቀመጥ።

«ምነው ቲቸር? ዘይቱ እምቢ አለዎት እንዴ?»

«ዘይቱስ መቼ እምቢ አለኝ። ገላዬን ታጥቤ ሳልደርቅ እቀባዋለሁ፣ ክርኔ የሕፃን ጉንጭ ሆኗል። እምቢ ያለኝ መጠቅለያው ነው።» ቦርሳዋን ከፈተችና ቡናማ ፖስታ አወጣች። ፖስታው ዓመት ሙሉ ጠርሙስ እንደታቀፈ ቀርቶ ጥቅልል ብሏል። «ወረቀት መጣል አልወድም፣ ታውቂኛለሽ። የመጀመሪያዋን ጠርሙስ የጠቀለልሽበትን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ትናንት ስልክ ቁጥር ልጽፍበት አውጥቼ ብከፍተው፣ ውስጡ ሰው አለ።»

«ሰው?»

«ደብዳቤ ነዋ! አንብቤዋለሁ፣ ይቅርታ አልጠይቅሽም። ያልፈለግሽውን ነው የሸጥሽልኝ። ከአሥር ስምንት ሰጥቼዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት ልጁ በአፉ መናገር ሲችል በመጻፉ ነው።»

አረንጓዴ «አላነበውም» ልትል ነበር። ዓይኗ ግን ቀድሟት መስመሩ ላይ አረፈ።

«የምጽፍልሽ ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም፣ ለዚያ ፊት የለኝም። የሙሽራዋን ፊት ያቃጠለው ያንቺ ዘይት አይደለም። ከክሬሙ የተረፈውን ወስጄ መርምሬዋለሁ። ቆዳ የሚያነጣ ኬሚካል አለበት፣ ያውም ከልክ በላይ። የጨመረችው እናቴ ናት። ሠርጉ ስለደረሰ ሙሽራዋ ቶሎ ትፍካ ብላ ነው። ስጠይቃት አልካደችኝም። የምርመራውን ውጤት ከነፊርማዬ አያይዤልሻለሁ። ለሕግም ስጪው፣ ለጋዜጣም። የቤቱ ኬሚስት እኔ ነኝና ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ይንጠቁኝ። እስከዚያው ከዚህ ቤት አልወጣም፤ እኔ ሳልመረምረው አንድ ጣሳ ክሬም ከበር እንዳይወጣ ከእናቴ ጋር ተስማምቻለሁ።»

አያይዤዋለሁ ያለው ወረቀት ከጀርባው ነበር፣ ማኅተሙ፣ ፊርማው፣ ቀኑ ሳይቀር። ቀኑ እሷ በተዋረደች በስድስተኛው ቀን ነው።

ጉድ እኮ ነው! ሰው ስሙ ጠፍቶ ዓመት ሙሉ ጥርሱን ሲያፋጭ፣ ማስረጃው የጎረቤት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ይክረም? አረንጓዴ እንባ የሚመጣባት መስሏት ጠበቀች። የመጣው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ በእትዬ ደሟ ፈላ። ቀጥሎ በእሱ። ቀጥሎ በራሷ፣ በገዛ እጇ ጥፍር አድርጋ ባሰረችው ክር። ተነስታ መደርደሪያው ላይ የቀሩትን ሁለት ጠርሙሶች ራቁታቸውን አስቀረቻቸው፣ ፖስታዎቹን ቀደደች። የመጨረሻው እንዲህ ይል ነበር፦ «ያን ወረቀት ይዘሽ ዓመት ሙሉ ዝም አልሽ። ልትጥይን ስትችይ አልጣልሽንም። እንዲህ ያለ ምሕረት አይገባኝም ነበር።»

«ምሕረት!» አለች አረንጓዴ፣ ሳቋም ከመጋረጃው ማዶ አባቷን አስደነገጠው። «ቲቸር፣ ይሰሙታል? ማርሽን እኮ ነው የሚለኝ!»

ቲቸር አልሳቀችም። «እና ምን ልታደርጊ ነው?»

እትዬ ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት አዲሱን የአቮካዶ ክሬሟን በደንበኞቿ ፊት ልታስመርቅ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። በየፀጉር ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። አረንጓዴ ማስታወቂያውን ባየች ቁጥር መንገድ ስትለውጥ ነበር የሰነበተችው። አሁን ግን ረጋ ብላ ስልኳን አነሳችና፣ በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንዲት ፊደል ብቻ ላከችለት። «ና።» 

* * *

ካፖርቱን ሳያወልቅ ነው እየሮጠ የመጣው። አባቷ ከመኪናው ቀና ብሎ ከላይ እስከ ታች አየው፣ በያዘው መርፌ ወደ ኋላ ጠቆመው፣ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ስፌቱ ግን ያን ቀን ሥራ የፈታ ነገር ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ ዝቅ ባለ ቁጥር መኪናው ይቆማል፣ ከፍ ሲል ይንቀሳቀሳል።

ከስቷል። ጉንጩ ገብቷል። አረንጓዴ ይህን እንዳየች ሆዷ ሊባባ ቃጣው፣ ወዲያው ተቆጣችው።

«ጠራሽኝ» አለ።  ዓይኑ ፊቷን ጠግቦ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፣ እዚያም የራሱን ጽሑፍ አየ። የተቀደዱት ሁለት ፖስታዎች የጠርሙስ ቅርፅ እንደያዙ ተጠቅልለዋል፣ ክሩ የሠራው መስመር ሳይቀር ይታያል። «ይኼ ምንድን ነው?»

«መጠቅለያ።»

«ደብዳቤዎቼ…»

«ወፍራም ወረቀት ነው፣ ብርሃን አያሳልፍም። ጥሩ ሸጬባቸዋለሁ።»

«ማለት… አላነበብሻቸውም?»

«ዛሬ ጠዋት ነው ያነበብኩት። እሱንም ጎረቤቴ አምጥታልኝ።»

ኬሚስቱ የአቮካዶ ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። «አንድ ዓመት» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ዓመት ጠዋት በተነሳሁ ቁጥር ዛሬ ፖሊስ ጣቢያ ይጠሩኛል ስል፣ ሳይጠሩኝ ሲመሽ ዛሬም ማረችኝ ስል…»

«አልማርኩህም! ባውቀው ኖሮ መች እምርህ ነበር? ያን ወረቀት በሳምንቱ ባገኘው ኖሮ እናትህን በር ላይ ነበር የምሰቅላት! ወረቀቱን ነው የምለው፣ አትደንግጥ።»

«አልደነገጥኩም። መብትሽ ነው።»

«ተው እንጂ! መብትሽ ነው፣ ይገባኛል፣ ልውደቅ! ቃላትህ ሁሉ እንዴት ያምራሉ! ደግነትህ ግን ሁሉም በጓዳ ነው። ስታፈቅረኝ ምድር ቤት። ስትጸጸት በታሸገ ፖስታ። ክሬሙን ስትጠብቅ ከእናትህ ጋር በሹክሹክታ። እኔ የተዋረድኩት ግን በአደባባይ ነው! መቶ ዓይን እያየኝ ነው እጄ የተነሳው!»

መኪናው ቆመ።

«ቅዳሜ ነይ» አለ ኬሚስቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወረቀቱን ይዘሽ ነይና አንብቢው። እዚያው እቆማለሁ። እውነት ነው ይሉኛል፣ እውነት ነው እላለሁ።»

«እኔ አላነብም።»

«ታዲያ ማን?»

«እኔ ያን ቀን ጮኼ ነበር፣ ማን ሰማኝ? አሁንም ብጮህ ቂመኛ ናት ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው፣ ቂመኛ ነኝ። የምታነበው አንተ ነህ። በአፍህ። በናትህ ፊት። ያኔ የዋጥካትን ቃል አውጣት!»

ኬሚስቱ ጎንበስ ብሎ ከፖስታዎቹ አንዱን በመዳፉ ሊያቃና ሞከረ። ፖስታው ተመልሶ ተጠቀለለ።

«አየህ?» አለችው። «ያው ነህ። ሂድልኝ።»

«እናቴ እኮ ናት» አለ ሲወጣ፣ መጋረጃውን እንደያዘ። እሺም እምቢም አላለም።

አባቷ ብቅ አለ። አንገቱ ላይ ሜትሩን እንዳንጠለጠለ ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆመ። «የኔ ልጅ፣ ቅዳሜ ንዴትሽን ለብሰሽ አትሂጂ። ያ ልብስ ለማንም ሲሆን አይቼ አላውቅም።»

«ለኔ ልኬ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያ ልኩን ካወቅሽ ምን እላለሁ» አለና ወደ መኪናው ተመለሰ። አረንጓዴ ግን ያን ሳምንት በሙሉ የምትመኘውን አታውቀውም ነበር። አንዴ «ባያነበው! ቁርጤን አውቄ ልጥላው!» ትላለች። አንዴ ደግሞ ባያነበውስ የምትል ሐሳብ ትመጣባትና እጇ መጭመቂያው ላይ እንዳለ ይቀራል። ይህን ፍርሃቷን ከማንም በላይ ጠላችው።

* * *

ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ያ ሳሎን ሞልቶ ነበር። መስታወቱ እንደ ድሮው ዙሪያውን፣ ወንበሩ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ጠረጴዛው ላይ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ክሬም የያዙ ትንንሽ ብልቃጦች ተደርድረው። እትዬ ማይክሮፎኗን ይዛ ስለ አቮካዶ ታወራለች። ለደረቀ ቆዳ ነው፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ነው፣ ዓይን ሥር ላለችው ስስ ቆዳ ነው፣ ያለ እሳት የተጨመቀ ነው፣ ትላለች። አረንጓዴ በሩ ላይ ቆማ ሰማቻት። ቃል በቃል የራሷ ቃላት ናቸው፣ ምድር ቤት ሆና ለእትዬ ያስረዳቻት!

«እንዲህ ያለውን ዘይት እኔ ራሴ ነኝ፣ በገዛ እጄ…» ስትል እትዬ አየቻት። አንድ አፍታ ብቻ ነው የተደናገረችው። ወዲያው ማር የመሰለ ፈገግታዋን አመጣችው። «ውይ! የድሮ ሠራተኛችን! ግቢ እንጂ። እጅሽ ጸዳልሽ?»

ሳቅ ሆነ። አንዷ ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳብ አደረገች። አረንጓዴ በሁለት ረድፍ ወንበር መካከል ቀጥ ብላ ሄደች። እሱ ከእናቱ ጎን ቆሟል፣ ካፖርቱ ተተኩሷል፣ ፊቱ ግን እንደ ካፖርቱ ነጭ ሆኗል። ደብዳቤውን ከነውጤቱ ፊቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ፖስታ ቤቱ ተሳስቶ ነው። ይኼ ለኔ ሳይሆን ለዚህ ቤት የተጻፈ ነው። አንብብላቸው።»

እትዬ ማይክሮፎኑን በመዳፏ ሸፍና ወደ ልጇ ዘንበል አለች። ምን እንደሆነ አውቃዋለች፣ ማኅተሙን አይታለች። «የኔ ጌታ፣ እንግዶች እየጠበቁህ ነው። ስለ ክሬሙ ንገራቸውና እንጨርስ።» ማይክሮፎኑን ሰጠችው።

ያዘው። አፉን ከፈተ። ዘጋው። አረንጓዴ ያን አፍ ታውቀዋለች። በቃ፣ አለች በልቧ፣ በቃ አለቀ። የሚያሳዝነው፣ ያን ሁሉ ቂም ተሸክማ መጥታ፣ በዚያች ሰዓት የተመኘችው የእትዬን መዋረድ አልነበረም። እባክህን፣ እባክህን ተናገር፣ ነበር የምትለው።

ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስተኛውና ወረቀቱን አነሳ።

«የሙሽራዋን ፊት ያቃጠለው…» ብሎ ጀመረ።  ጉሮሮውን ጠረገና ከመጀመሪያው ደገመው፣ ጮክ ብሎ። «የሙሽራዋን ፊት ያቃጠለው የሷ ዘይት አይደለም! መርምሬዋለሁ። ቆዳ የሚያነጣ ኬሚካል አለበት፣ ያውም ከልክ በላይ። የጨመረችው…» ቀና አለ። ከዚህ በኋላ ወረቀቱን አላየም። «የጨመረችው እናቴ ናት። እኔም አውቄ ዓመት ሙሉ ዝም ብያለሁ። ይህችን ልጅ እዚህ ቦታ ላይ እጇን ይዛ ስታዋርዳት፣ ንጹሕ መሆኗ በልቤ እየታወቀኝ፣ እዚያ ደረጃ ላይ ቆሜ አይቻለሁ።»

«አመመው! ልጄን አሞታል!» አለች እትዬ፣ ወረቀቱንም ልትነጥቀው ተንጠራራች። ወደ ላይ አነሳባት። «እኔ እኮ እናትህ ነኝ!»

«ነሽ፣ እማዬ። ዓመት የፈጀብኝም ለዚሁ ነው።»

ከወደ ኋላ አንዲት ትልቅ ሴት ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። የሙሽራዋ አክስት ናት። «እትዬ» አለች፣ ድምፅዋ ሳይጮህ ቤቱን ሞላው፣ «የእህቴ ልጅ ሠርጓን በሻርፕ ተሸፍና ነው የዋለችው። ፎቶዋን እስከ ዛሬ አታይም። አንቺ ደግሞ በማግሥቱ አበባ ላክሽልን። አበባ!»

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይሰማል! ብልቃጡን ሲሸቱ የነበሩ ሴቶች በየመሐረባቸው እጃቸውን መጥረግ ያዙ። አንዷ ተነሳች፣ ሁለት ተነሱ፣ ወንበሩ ሁሉ ተንኳኳ። የእትዬ ፊት ተለዋወጠ። ዙሪያውን መስታወት ስለሆነ የትም ብትዞር የምታየው ያንኑ ፊቷን ነበር። አረንጓዴም ቆማ አየቻት፣ ዓይኗን ሳትሰብር። በቀል አይጣፍጥም የሚሉ ሰዎች አሉ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ጣፈጣት። እስከ ጣቷ ጫፍ ድረስ ጣፈጣት።

እሱ ግን አላቆመም ነበር። ሰዉ እየወጣ፣ እናቱ ወንበር ላይ ወድቃ፣ እሱ የሁለተኛውን ገጽ ታች እያነበበ ነው፣ ተማሪ የተሰጠውን ካልጨረሰ እንደማይቀመጥ ሁሉ። «… ይህን ሁሉ ካነበብሽ በኋላ ብትጠይኝ አይፈረድብሽም። እኔ ግን ጠርሙሱን ወደ መስኮት ባነሳሁ ቁጥር…»

አረንጓዴ ጠረጴዛውን ዞራ ወረቀቱን ከእጁ ላጥ አደረገችው።

«ይበቃል! ይኼኛው ለሰው አይነበብም።» አጠፈችው፣ እንደገና አጠፈችው፣ ጡቷ ሥር ወሸቀችው። የምርመራውን ውጤት ግን ለሙሽራዋ አክስት ሄዳ በእጇ ሰጠቻት።

እትዬ ከተቀመጠችበት ቀና አለች። ያ ሁሉ ማር ተሟጦ ድምፅዋ የአንዲት የደከማት ሴትዮ ድምፅ ሆኖ ነበር። «ልጄን ወሰድሽብኝ።»

«አልወሰድኩብዎትም፣ እትዬ። ያኔ እርስዎ አፉን ወስደውበት ነበር። እሱን ነው ያስመለስኩት።»

ይህን ብላ ወጣች። በደረጃው ስትወርድ ከኋላዋ ስሟን ሲጠራ ሰማችው፣ አረንጓዴ ሳይሆን ቤተሰቦቿ ያወጡላትን። አልዞረችም። ለምን ትዞራለች? አንድ ቀን ተናገረ ተብሎ የዓመቱ ይረሳል? ሰው ሁሉ እየሸሻት ያለፈችበት መንገድ፣ አባቷ ያጣው ደንበኛ፣ መሐላዋ፣ ጥርሷን ስታፋጭ ያነጋችው ሌሊት ሁሉ በአንድ ወረቀት ሊዘጋ? አይሆንም። ገና ብዙ የሚሰማው አለ፣ ገና አልጀመረችውም! እንዲህ እያለች ከበሩ ወጣች፣ መንገዱን ተሻገረች፣ የኮቴው ድምፅ ከኋላዋ እየቀረበ መጣ፣ እሷም እየተቆጣች ሄደች። እርምጃዋን የቀነሰችው ግን እንዲደርስባት ነበር። በዚህም በራሷ እጅግ ተናደደች።